ነጠብጣቡን አንሱልኝ፦ ለአዳራሻችን ግንባታ ኮሚቴ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለአዳራሹ ግንባታ ኮሚቴ። የማኅበሩን ስም አልጠራም። በሜልበርን ምዕራብ የምንኖር ሐበሾች የት እንደምንሰበሰብ፣ ማን እንደሚሰበስበን ሁላችንም እናውቃለን።

ሰላም ናችሁ? ባለፈው እሁድ ከቡናው በኋላ ግድግዳው ላይ ያበራችሁልንን የአዳራሹን ሥዕል አይቼ ዝም ብዬ ወጣሁ። ስለወደድኩት እንዳይመስላችሁ። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ ተነስቶ «ቆይ አንዴ» ማለት ከብዶኝ ነው። ሦስት ቀን አደርኩበት። ለብቻችሁ ብነግራችሁ ደግሞ «እናስብበታለን» ብላችሁ እንደምትሸኙኝ ስለማውቅ (ባለፈው የመኪና ማቆሚያውን ነገር እንዲሁ ነበር ያደረጋችሁት) በአደባባይ ጻፍኩት። ቅር አይበላችሁ፣ አክባሪያችሁ ነኝ።

ሥዕሉን ላላየው አንባቢ ልንገር። ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው። የፊት ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በቀይ፣ በቢጫና በነጭ ነጠብጣብ ተሞልቷል። አጥሩ ላይ ቡመራንግ የሚባለው ቆልማማ መወርወሪያ እንጨት ተደርድሯል። መግቢያው ላይ ሰው የሚያክል ጀበና ቆሟል። አርክቴክቱ ልጅ ጨዋ ነው፣ ደከመኝ ሳይል አስረዳን። የአካባቢው የአቦርጂናል (ከፈረንጅ በፊት የነበሩት ባለአገሮች) ቅርስ ከኢትዮጵያ ባህል ጋር የተጨባበጠበት ቤት ነው አለን። ያኔ ነው ጭብጨባው የቀለጠው።

ሐሳቡን አልጠላሁትም። ሃያ ምናምን ዓመት እዚህ ስንኖር የባለአገሩን ስም በስብሰባችን ላይ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፣ እሱ ደስ ብሎኛል። ግን ያ ነጠብጣብ የማን ነው?

የማን እንደሆነ ልንገራችሁ። ዛሬ ዓለም «የአቦርጂናል ሥዕል» ብሎ የሚያውቀው የነጠብጣብ ሥዕል የተስፋፋው ፓፑንያ ከምትባል የመካከለኛው በረሃ መንደር ነው። 1971 ላይ (ዓመቶቹንም ወሮቹንም በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የዚያ አገር ሽማግሌዎች አሸዋ ላይና ገላቸው ላይ ይሥሉት የነበረውን በሰሌዳና በሸራ ላይ መሣል ጀመሩ። ፓፑንያ ከሜልበርን ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ከአዲስ አበባ ሪያድ ማለት ነው። ሰዎቹ ሌላ፣ ቋንቋው ሌላ፣ አገሩ ቀይ በረሃ። አንድ ፈረንጅ ሐረር ጀጎል ውስጥ ቤት ሠርቶ ግድግዳውን በላሊበላ መስቀል ቢሞላውና «የሐረርን ቅርስ አከበርኩላችሁ» ቢለን ምን እንል ነበር? ሐረሬውም ይስቃል፣ ላስቴውም ይስቃል። እኛ ልንሠራ ያሰብነው እሱን ነው።

እኛ የምንኖርበት አገር ባለቤቶች ውሩንጄሪ ወይ-ውሩንግና ቡኑሮንግ ናቸው። ከሌሎች ሦስት ጎረቤት ሕዝቦች ጋር ሆነው ኩሊን ይባላሉ። ሜልበርን ባለችበት በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት በ2006 የወጣ የአቦርጂናል ቅርስ ሕግ አለ። በዚያ ሕግ መሠረት የየአካባቢው ባለቤት የሆነ የተመዘገበ ድርጅት ይሰየማል። በሜልበርን ላይ የሁለቱ ሕዝቦች ድንበር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተሰመረው በ2021 ነው። ከመስመሩ በላይ ውሩንጄሪ፣ ከመስመሩ በታች ቡኑሮንግ። መሬታችን በየትኛው ወገን እንደወደቀ ካርታ ከፍቶ ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። እሁድ ዕለት ግን ከመድረኩ ይህን ያነሳ አልነበረም።

የእነዚህ ሕዝቦች ጥበብ መልኩ ሌላ ነው። መስመር ነው የሚበዛው። ጋሻቸው ላይ የተቀረጸውን ሙዚየም ሄዳችሁ እዩ፤ ዝግዛግ አለ፣ የተደራረበ ሰያፍ መስመር አለ፣ እንደ ጥለት ጫፍ የሚደጋገም አልማዝ መሳይ ቅርጽ አለ። እኔ መጀመሪያ ሳየው የእናቴ ቀሚስ ጥለት ነው ትዝ ያለኝ። ይህን ስላልኩ ደግሞ ነገ ጠዋት ነጠብጣቡን አንስታችሁ ዝግዛጉን እንዳትለጥፉት! እሱም ባለቤት አለው።

ለምን እንዲህ እንደምቆጣ ልናገር። ከዓመታት በፊት አንድ ተቋራጭ ጋር ካሳፎርማ (ኮንክሪት የሚፈስበትን የእንጨት ቅርጽ) እመታ ነበር። ስሙ ይቅር። ከከተማው ወጣ ብሎ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ቤት እንሠራ ነበር፤ ግድግዳው ኮንክሪት ሆኖ ላዩ ላይ የጎማ ማተሚያ ተለጥፎ የካንጋሮ ዱካና ክብ ክብ ምልክት እንዲወጣበት ታዘዘ። ማተሚያውን ካሳፎርማው ላይ የቸነከርኩት እኔ ነኝ። ስንፈታው አምሮ ወጣ፣ ፎቶም አነሳሁት፣ ለእህቴም ላኩላት። ቤቱ ሲመረቅ ንግግር እንዲያደርጉ የአካባቢው ሴት ሽማግሌ ተጠርተው ነበር። ግድግዳውን በእጃቸው ዳሰሱና በዝግታ «ይሄ የማን ነው?» አሉ። ያ ሁሉ ባለ ክራባት ቆሞ የሚመልስ ጠፋ። ከካታሎግ ነበር የተመረጠው። ሴትዮዋ ምንም አልተቆጡም፣ ንግግራቸውን ጨርሰው ሻይ ጠጥተው ሄዱ። እኔ ግን እስከዛሬ በዚያ መንገድ ሳልፍ ወዲያ ነው የማየው። ኮንክሪት ደግሞ ቀለም አይደለም፣ አይፋቅም።

ይሄ የባለቤትነት ነገር ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ያ ጥቁር፣ ቀይና መሐሉ ላይ ቢጫ ክብ ያለበት የአቦርጂናል ባንዲራ ራሱ በ1971 ሃሮልድ ቶማስ የሚባል፣ ሉሪቻ ከሚባለው የአቦርጂናል ሕዝብ የሆነ ሰው የነደፈው ነው፤ የቅጂ መብቱም የእሱ ነበር። መንግሥት በ2022 ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ነው ለሁሉ ሰው ነጻ ያደረገው። የእኛ ኮሚቴ ግድግዳ ሙሉ ነጠብጣብ ስንት ሊከፍልበት አስቦ ነበር?

«እና ምንም አናድርግ ነው የምትለው?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አይደለም። ከእነዚህ ሰዎች ልንማረው የምንችለው ነገር ሞልቶ ሳለ የያዝነው ትንሿን ነው፣ እሷም የሌላ አገር ሰው ንብረት ናት።

በዚህ አገር ብርዱን ታውቁታላችሁ። የደቡብ ምሥራቁ ሕዝቦች ብርዱን የሚችሉት በፖሰም ቆዳ ካባ ነበር። ፖሰም ማለት ማታ ማታ ጣሪያችን ላይ እየተሯሯጠ እንቅልፍ የሚነሳን ያ እንስሳ ነው። ቆዳው እየተገፈፈ፣ እየደረቀ፣ በጅማት እየተሰፋ ካባ ይሆናል። ሕፃን ሲወለድ በጥቂት ቆዳ ይጀመርለታል፤ ልጁ ሲያድግ ካባውም ቆዳ እየተጨመረበት አብሮት ያድጋል። በውስጥ በኩል፣ ገላ በሚነካው ወገን፣ የወገኑና የአገሩ ምልክት ይቀረጽበታል። ሲሞትም በእሱ ተጠቅልሎ ይቀበራል። ፈረንጅ መጥቶ የመንግሥት ብርድ ልብስ ማደል ሲጀምር ካባው እየጠፋ ሄደ። ዛሬ ሜልበርን ሙዚየም ውስጥ ከዚያ ዘመን የተረፉ ሁለት የቪክቶሪያ ካባዎች አሉ፣ አንዱ የ1853 አንዱ የ1872። እነ ቪኪ ከዘንስና ሊ ዳሮክ የሚባሉ ሴት አርቲስቶች እነዚህን አይተው ሙያውን እንደገና አስነሱት፤ በ2006 የኮመንዌልዝ ጨዋታ ሲከፈት ሽማግሌዎቹ ካባቸውን ለብሰው ሕዝብ ፊት ወጡ። (አውስትራሊያ ውስጥ ፖሰም በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ቆዳው የሚመጣው ከኒውዚላንድ ነው። እዚያ እንደ ተባይ ነው የሚታየው። ሳውቀው ሳቄ መጣ።)

አሁን ይህን ካባ እንደ አናጢ አስቡት። እያደገ የሚሄድ ልብስ ነው። ዛሬ ላለህ ገላ ዛሬ ባለህ ቆዳ ትሰፋለህ፤ ስፌቱ ግን ነገ ሌላ ቆዳ እንዲቀጠልበት ተደርጎ ነው የሚተወው። የእኛን ኪስ ደግሞ ታውቁታላችሁ። በመዋጮና በዕጣ ነው ገንዘብ የምንሰበስበው። ሥዕሉ ላይ ያለው ቤት ግን ካልተጨረሰ የማይከፈት ቤት ነው። ገንዘቡ መሐል ላይ ቢያልቅ ፌሮው ተገትሮ ዝናብ ሲመታው ይከርማል፤ እንዲህ ያለ ጅምር አገር ቤት ያላየ ማነው? አዳራሹን እንደዚያ ካባ ብንሠራውስ? በመጀመሪያው ዓመት ወጥ ቤት፣ መጸዳጃና አንድ መካከለኛ ክፍል። ከዚያ ጎኑ ላይ ሌላ ክፍል። ከዚያ ለልጆች አማርኛ ትምህርት የሚሆን ሌላ። አምዱና ውኃ መስመሩ ከመጀመሪያው ቀጣዩን እያሰበ ይቀመጣል። ከውጭ ምንም ጌጥ ባይኖረውም ቤቱ ራሱ ከካባው ተምሯል። ምልክት ማኖር ካለብን ደግሞ እንደ ካባው በውስጥ በኩል ይሁን፣ ለሚያልፈው መኪና ሳይሆን ለሚገባው ሰው።

ይህን የምለው የዶርዜን ቤት እያየሁ ስላደግኩም ነው። የአርባ ምንጭ ልጅ ነኝ። ያ ቤት ከሩቅ ዝሆን ይመስላል፣ ቱሪስቱም ዝሆኑን ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። የቤቱ ጥበብ ግን ሌላ ነው። ሙሉው የቀርከሃ ሽመና ስለሆነ ምስጥ እግሩን ሲበላው የተበላውን ቆርጠው ዝቅ ያደርጉታል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ሲሠራ እንደዚያ አስረዝመው የሚሠሩት። ካስፈለገም ሰው ተባብሮ አንስቶ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። አሁን አንዱ ባለ ሆቴል ተነስቶ ያንን ቅርጽ በኮንክሪት ቢያፈስ ዝሆኑን ወሰደ እንጂ ቤቱን አልወሰደም። የሰው ቅርስ ላይ የሚደረገው ነገር ሁሉ እንዲህ ይሆንብኛል። መልኩን ይወስዱና ብልሃቱን ይተዉታል።

መሐል ከተማ ስዋንስተን መንገድ ሰሜን ጫፍ ላይ ያለውን ባለ 32 ፎቅ የመኖሪያ ሕንጻ አይታችሁታል፣ ታክሲ የነዳችሁ በተለይ። በ2015 ነው ያለቀው፣ ኤአርኤም የሚባል ቢሮ ነው የነደፈው። የበረንዳዎቹ ነጭ ጠርዝ እየሰፋና እየጠበበ ከሩቅ ሲታይ የሰው ፊት ይሆናል። ፊቱ የዊሊያም ባራክ ነው፣ የውሩንጄሪ መሪ የነበረው። ቀርበህ ስታየው ፊቱ ይጠፋል፣ በረንዳ ብቻ ነው። ሥራውን የሚያደንቁ አሉ፣ ከተማዋ መሐል የባራክን ፊት ማቆም ቀላል ነገር አይደለም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ መሬቱን የተነጠቀ ሰው ፊት በሚሸጥ አፓርታማ ላይ መለጠፍ ምን የሚሉት ክብር ነው ብለው ተችተዋል። እኔ የሁለተኞቹ ወገን ነኝ። ግንበኛ ሆኜ ግን ብልሃቱን አደንቃለሁ፣ ያን ሁሉ ጠርዝ አንዱን ከአንዱ ሳያምታቱ መግጠም ራስ ያዞራል።

ባራክ ማን እንደነበር ብታውቁ ደግሞ ይበልጥ ይገርማችኋል። ጆን ባትማን የሚባለው ሰው በ1835 መጥቶ ብርድ ልብስ፣ ቢላዋ፣ መጥረቢያ፣ መስታወት፣ መቀስና ዱቄት ሰጥቶ 600,000 ኤከር መሬት ተዋዋልኩ ሲል ባራክ ልጅ ሆኖ ቆሞ አይቷል። ያንን ውል ደግሞ መንግሥት ራሱ በዚያው ዓመት ውድቅ አደረገው፤ መሬቱ የዘውዱ ነው፣ እነሱ የሚሸጡት መሬት የላቸውም ተባለ። በኋላ ሕዝቡ ሂልስቪል አጠገብ ኮራንደርክ በሚባል ቦታ ሰፍሮ፣ አርሶ፣ የራሱን ቤት ሠርቶ መኖር ሲጀምር ያንንም ሊነጥቁት ሆነ። ባራክና ጓደኞቹ አቤቱታ ጽፈው ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ በእግራቸው እየሄዱ ሜልበርን ደጅ ጠኑ። በ1881 ፓርላማው አጣሪ እስከማቋቋም ደረሰ። ደጅ መጥናት ምን እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም መቼም።

ሰፈራችን ፉትስክሬይም የራሷ ሰው አላት። ባቡር ጣቢያው ላይ በየቀኑ የምንሻገርበት ድልድይ የዊሊያም ኩፐር ነው። ስንቶቻችን ነን ስሙን ያነበብነው? እኔ ስምንት ዓመት ሳላነብ ተሻግሬዋለሁ። ኩፐር ዮርታ ዮርታ ከሚባለው የአቦርጂናል ሕዝብ ነው፣ እርጅናውን ያሳለፈው ፉትስክሬይ ነው። ወገኖቹ በፓርላማ ወኪል እንዲኖራቸው 1,814 ፊርማ አሰባስቦ ለንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ አቤት አለ፤ የአውስትራሊያ መንግሥት አላስተላልፍም ብሎ አስቀረበት። ታኅሣሥ 6 ቀን 1938 ደግሞ ጀርመን ውስጥ አይሁዶች ላይ የደረሰውን ግፍ በመቃወም ከፉትስክሬይ ቤቱ ተነስቶ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ጀርመን ቆንስላ ሄደ። ደብዳቤውን የሚቀበለው አላገኘም። የራሱ ወገን በገዛ አገሩ እንደ ዜጋ በማይቆጠርበት ጊዜ፣ በዚያ ዕድሜው፣ ለማያውቀው ሕዝብ። እኔ የዚህ ሰው ስም በአንድ ክፍላችን በር ላይ ቢጻፍ ከመቶ ቡመራንግ ይበልጥብኛል። ቤተሰቡን ጠይቀን፣ እሺ ካሉ።

ወደ መሬቱ ልምጣ፣ መሬት የእኔ ሙያ ነው። የገዛነው ቦታ ዋልካ ነው። አዲስ አበባ ቦሌና ሲኤምሲ ቤት የሠራችሁ ዋልካ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ በዝናብ ያብጣል፣ በፀሐይ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳ ይተረትራል። የሜልበርን ምዕራብ የእሳተ ገሞራ ሜዳ ነው፣ ከሥሩ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ የከተማው የድሮ ቤቶችና ጠባብ መንገዶች የተሠሩበት ሰማያዊ ድንጋይ የሚሉት እሱ ነው። ፉትስክሬይ ራሷ ድንጋይ የሚፈለጥባት ቦታ ነበረች። የጅረቱ ዳር ደግሞ ሰው የኖረበት ነው። ማሪቢርኖንግ ወንዝ ላይ ኪለር አጠገብ ሰው ወደ 30 ሺህ ዓመት ገደማ እንደኖረ የሚያሳይ ቅሪት ተገኝቷል፤ በ1940 የተገኘ የራስ ቅልም አለ፣ ከ12 ሺህ ዓመት በላይ የቆየ። እኛ ሉሲን ይዘን ስንኮራ የጎረቤቶቻችን አያት ሰፈራችን ውስጥ መገኘቱን አናውቅም።

ስለዚህ ኮሚቴው አንድ ነገር ይወቅ። ከወንዝና ከጅረት 200 ሜትር ውስጥ ያለ መሬት በሕጉ ለቅርስ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ቦታ ተብሎ ይያዛል። የእኛ ቦታ ከጅረቱ ያለው ርቀት በእግሬ ስለካው ከ200 ያነሰ ነው። አዳራሽ ለመሥራት የቅርስ አያያዝ ዕቅድ ሊያስፈልገን ይችላል ማለት ነው፣ ዕቅዱን የሚያየው ደግሞ ያ የተመዘገበው የባለቤቶቹ ድርጅት ነው። እንግዲህ በሕግ ተገደን በመጨረሻ ከምናንኳኳ ዛሬ በፈቃዳችን ብናንኳኳ አይሻልም? መጀመሪያ እነሱ መጥተው መሬቱን ይዩት፣ ከእኛ ጋር ይራመዱበት፣ ከዚያ አርክቴክቱ እርሳሱን ያንሳ። የሚከፈለውንም እንክፈል። ሽማግሌ ስለሆኑ በነጻ ይምከሩን ማለት ነውር ነው። ለመሐንዲሱ የምንከፍለው ለዲግሪው ከሆነ የእነሱ ዕውቀት ስንት ዲግሪ ነው?

እንዲህ ተደርጎ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጋችሁ ሩቅ አትሂዱ። ሜልበርን ዩኒቨርሲቲ በቅርብ ዓመታት የሠራው የተማሪዎች ግቢ አለ። ጎማሮይ ከሚባለው የአቦርጂናል ሕዝብ የሆነው አርክቴክት ጄፋ ግሪናዌይ ከሠሩት አንዱ ነው። ግቢው ላይ ድሮ የሚፈስ ጅረት ነበረ፤ ከተማው ሲሠራ ቧንቧ ውስጥ ከተቱት፣ ተረሳ። ኢል የሚባለው እባብ መሳይ ዓሣ ግን አልረሳውም። ከኮራል ባሕር ተነስቶ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ዋኝቶ ዛሬም በዚያ የጎርፍ ቧንቧ ይመጣል። ነዳፊዎቹ ይህን ሰምተው የቀድሞውን የውኃ መንገድ በመሬቱ ቅርጽና በድንጋዩ አሳዩት፤ ሰው የሚቀመጥበት ደረጃ ደረጃ የሆነው ሜዳ የዚያን ውኃ አቅጣጫ ይከተላል። አንድም ነጠብጣብ አላየሁበትም። ዝናብ በዘነበ ቀን ሂዱና እዩት።

እኛም ጅረት አለን። ሥዕሉ ላይ ግን አዳራሹ ጀርባውን ሰጥቶታል፣ ወጥ ቤቱና የቆሻሻ መጣያው ወደ ጅረቱ ነው የሚያየው። ፊቱ፣ ያ ሁሉ መስታወት፣ ወደ ምዕራብ ነው። በጥር ከሰዓት በኋላ 40 ዲግሪ ሲሆን ሠርግ ጠርታችሁ በዚያ መስታወት ውስጥ ተቀመጡና እናያለን! የኩሊን ሕዝቦች ዓመቱን በሰባት ወቅት ነው የሚከፍሉት፣ የጥርና የካቲቱ ደረቅ ጊዜ፣ መጋቢት ላይ የኢል ጊዜ፣ ከዚያ ከሚያዝያ ጀምሮ ረጅሙ ቀዝቃዛ ጊዜ እያለ ይቀጥላል። አራቱ ወቅት ከእንግሊዝ በመርከብ የመጣ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ቤቱ ከየት በኩል እንደሚከፈት ከየትኛውም ካታሎግ በላይ ይነግረናል። ቤቱ ወደ ሰሜን ይዙር፣ የክረምት ፀሐይ እዚህ አገር ከዚያ ነው። በረንዳው ይርዘም። ጓሮው ላይ ሣርና ጽጌረዳ ከመትከል ሙርኖንግ ይተከል። ቢጫ አበባ ያለው፣ ሥሩ እንደ ትንሽ ድንች የሚበላ ተክል ነው፣ ሴቶቹ በመቆፈሪያ ዘንግ እያወጡ ጠብሰው ይበሉት ነበር። የሰፋሪዎቹ በግ ነው የጨረሰው። እናቶቻችን እንሰትና ጎደሬ ሲያነሱ ቢሰሙ ከሽማግሌዎቹ ጋር በአንድ ቀን የሚግባቡ ይመስለኛል።

መግቢያው ላይ ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ፣ ተቀበሉትም አትቀበሉትም። ኩሊኖች እንግዳ የሚቀበሉበት ታንደረም የሚባል ሥርዓት አላቸው። ድሮ የሌላ አገር ሰው ሲመጣ ዝም ብሎ አይገባም፣ ጠርዝ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ይቀበሉታል፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሰጡታል፣ ከዚያ ውኃውንም ምግቡንም መጠቀም ይችላል፣ ሕጉን ማክበር ግን ግዴታው ነው። የባትማንን ውል ሽማግሌዎቹ የተረዱት እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ፤ እሱ ገዛሁ ሲል እነሱ በእንግድነት ተቀበልንህ ማለታቸው ነበር። ያንን ሳነብ ቄጤማችን ትዝ አለኝ። እኛ ለእንግዳ ለምለም እንጎዘጉዛለን፣ እነሱ ለምለም ያስይዛሉ። በሩን በጀበና ከመዝጋት ሰው ሰብሰብ ብሎ የሚቆምበት፣ የሚጠበቅበትና «ግቡ» የሚባልበት ጥላ ያለው ሰፊ ደጅ ይኑር። ለቅሶም ሠርግም ሲኖር መቼም እኛ ከአዳራሹ ይልቅ ደጁ ላይ ነው የምንቆመው።

ኮሚቴው ውስጥ ያላችሁ አንድ ሁለት ሰዎች ምን እንደምትሉኝ ይሰማኛል። «ምክር ቤቱ ፈቃድ የሚሰጠን ነጠብጣቡን አይቶ ነው፣ የድጎማ ማመልከቻውም የአቦርጂናል ቅርስ የሚል አንቀጽ አለው» ትላላችሁ። አንቀጹን ነጠብጣብ አይሞላውም። ከባለቤቶቹ ጋር ተቀምጠን ያወራነው ቃለ ጉባኤ ነው የሚሞላው። ጋሽ ሊቀመንበር፣ እርስዎ ደግሞ እሁድ «ጊዜ የለንም» ብለዋል። መሬቱ ላይ የቆምነው ገና ሁለት ዓመታችን ነው። የምን ጥድፊያ ነው?

አርክቴክቱን ልጅ አትቆጡት። እኛ «የሚያምር ነገር አምጣ» አልነው፣ አመጣ። በሚቀጥለው ስብሰባ ለባለቤቶቹ ድርጅት ማን እንደሚደውል ይወሰን፣ እኔ ለመደወል ፈቃደኛ ነኝ፣ እንግሊዝኛዬ ብዙም ባይሆን ልጄ ታግዘኛለች። ሥራ ሲጀመር ቅዳሜዎቼን እሰጣለሁ። ካሳፎርማውን በነጻ እመታለሁ፣ ሦስት የማውቃቸው ልጆችም ይመጣሉ፣ ሊሾውን እኔው ራሴ ነው የምመታው። ነጠብጣቡ ግድግዳው ላይ ካለ ግን አትጥሩኝ፣ አንዱን ቸንክሬያለሁ፣ ሁለተኛውን አልቸነክርም።